ከሙቀጫ እስከ ማኅሌት
(በደብሩ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



አማርኛ ለድምፅ ጥበብ ስም አያጣም። ዜማ፣ መዝሙር፣ ማኅሌት፣ ወረብ፣ ዘፈን፣ እንጉርጉሮ፣ ሙሾ፣ ፉከራ፣ ቀረርቶ፣ እሹሩሩ እያለ እያንዳንዱን በየወገኑ ይጠራል። ሙሾ የምታወርድ ሴት «ዘፈነች» አትባልም፤ ካህኑ በቅዳሴ ጊዜ «ዘፈነ» ቢባል ደግሞ ሰሚው ይደነግጣል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት የሚከተው «ሙዚቃ» የሚለው ቃል ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው። በካልጋሪ የተወለደ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ይህን እንግዳ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ እናቱ በዐቢይ ጾም «ሙዚቃውን ዝጋ» ስትለው፣ በትምህርት ቤቱ ባንድ ክላርኔት የሚነፋው ልጅ ግራ ይገባዋል። የነገው ልምምድ በእርሱ ቋንቋ ሙዚቃ ነው፤ የእሑዱ መዝሙር ሙዚቃ ነው፤ በስልኩ የሚጮኸውም ሙዚቃ ነው።

ጥያቄው በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ ባሉ ብዙ ቤቶች በየዓመቱ ይነሣል። በጾም ጉዳይ ብይን መስጠት የንስሓ አባቶች ድርሻ ስለ ሆነ እዚህ አይነካም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ከብይኑ በፊት ያለው ነው፤ ድምፅ በምእመናን ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር፣ ከምን እንደሚሠራ፣ ከየት ተነሥቶ ቅኔ ማኅሌት እንደሚደርስ።

ሰው ዜማን መቀበል የሚጀምረው ከመወለዱ በፊት ነው። ፅንስ ከመወለዱ ሦስት ወር ያህል አስቀድሞ ይሰማል። የእናት አካል ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያፍነው ወደ ማሕፀን በርትቶ የሚያልፈው ወፍራሙ ነው፤ ቃሉ ተድበስብሶ የንግግሩ መውጣትና መውረድ ብቻ ይደርሳል። በ1980 እ.ኤ.አ. ዴካስፐርና ፋይፈር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በተወለዱ በሦስት ቀን ውስጥ ያሉ ሕፃናት የእናታቸውን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይተው እንደሚመርጡ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳዩ። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጀርመን የተሠራ ጥናት የሠላሳ ፈረንሳውያንና የሠላሳ ጀርመናውያን አራስ ልጆችን ለቅሶ አነጻጽሮ ነበር። የፈረንሳዮቹ ልቅሶ ወደ ላይ የሚወጣ፣ የጀርመኖቹ ከላይ ተነሥቶ የሚወርድ ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ወላጆቻቸው ንግግር ማለት ነው። ልጅ በቋንቋው ከመናገሩ በፊት በቋንቋው ያለቅሳል።

የደብሩ ቤተሰብ ከዚህ ተነሥቶ ሊያስበው የሚገባ ነገር አለ። ነፍሰ ጡሯ እናት በበዓል ሌሊት ከማኅሌቱ አጠገብ ስትቆም፣ በማርቲንዴል የሚወለደው ልጅ ከመሣሪያ ሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው ከበሮን ነው። ጸናጽሉ ቀጭን ስለ ሆነ በውጭ ይቀርበታል፤ እርሱን ለመስማት መወለድ አለበት። ከተወለደ በኋላም በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን የእናቱን እሹሩሩ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በጀርባዋ በኩል በደረቱ ይቀበለዋል። በጋሪ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ የሚገፋ ልጅ ይህን አያገኝም። ጋሪው በበረዶ ላይ ምቹ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ማታ ማታ በቤት ውስጥ አንቀልባውን የሚከለክል በረዶ የለም።

ከዚያ ወጥ ቤቱ ይቀጥላል። የቡና ሥነ ሥርዐት ሽታው ስለ ጐላ ድምፁ ተረስቷል እንጂ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጆሮ የሚመራ ሥራ ነው። ፍሬው በምጣድ ላይ ሲንሿሿ፣ መፈንዳት ሲጀምር፣ ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ፣ እናት ወደ ሌላ ሥራ ዞራ እንኳ የቡናው ደረጃ አይጠፋትም። ጀበናው ውኃ ሲሞላ የሚሰጠው ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል፤ በውስጡ የቀረው የአየር ዐምድ እያጠረ ስለሚመጣ ነው። የዋሽንት አሠራርም ከዚህ የራቀ አይደለም። ነፊው ቀዳዳውን ሲከፍት የአየሩ ዐምድ ያጥራል፤ ድምፁ ይቀጥናል። ስለዚህ ጀበና የሞላች ልጅ የዋሽንትን ምሥጢር ሳታውቀው ሰምታዋለች።

ሙቀጫ በገጠር ብዙ ጊዜ የሁለት ሴቶች ሥራ ነበር። ሁለት ዘነዘና በአንድ ሙቀጫ ሲፈራረቅ ምት ካልተጠበቀ ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል፤ ምቱ ለጌጥ አልመጣም። የአጨዳውና የውቂያው ዜማ፣ ቅቤ የምትንጠው ሴት እንጉርጉሮ፣ የደቦው ቅብብል፣ ሁሉም ክንድን ከክንድ የሚያስማማ የሥራ መሣሪያ ነበር። በማርቲንዴል ቤቶች ሙቀጫ ሌላ ችግር ገጥሞታል። ግድግዳውም ወለሉም እንጨት ስለ ሆነ ምቱ በወለሉ አልፎ ከታች ባለው ቤዝመንት ጣሪያ ላይ ይወድቃል፤ የታችኛው ተከራይ ይነቃል። ብልኀተኞች እናቶች ከሙቀጫው ሥር የታጠፈ ጋቢ ያነጥፋሉ። ይህ በትክክል የሕንፃ መሐንዲሶች ከከባድ ማሽን ሥር ጎማ የሚያነጥፉበት ዘዴ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ግን ወደ ኤሌክትሪክ መፍጫ ዞረዋል። መፍጫው አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ ተነሥቶ ይጮኻል፣ ፍሬው ሲደቅ ይቀጥናል፣ ዝም ይላል። ለቡናው ደኅና ነው፤ ለጆሮ ግን ድኻ ነው።

ከቤት ሲወጣ ማርቲንዴል የራሱ ድምፅ አለው። የባቡር ጣቢያው በ2012 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሰዓቱን በባቡሩ ድምፅ ሳያስበው ይለካል። በብርቱ ብርድ ጧት ባቡሩ ከወትሮው ይልቅ ከሩቅ ይሰማል። በመሬት ላይ ያለው አየር ቀዝቅዞ ከላይ ያለው ሲሞቅ፣ ወደ ሰማይ የሚሄደው ድምፅ ታጥፎ ወደ መሬት ስለሚመለስ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ በተቃራኒው ድምፅን እንደ ጥጥ ይውጣል፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ሱባኤ ዝም ይላል። ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ገደማ ካለፈ በኋላ ደግሞ በረዶው ራሱ ከእግር በታች መጮኽ ይጀምራል። ለጥምቀት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰዎች የሙቀት መለኪያ ሳያዩ ብርዱን በጫማቸው ድምፅ የሚያውቁት ለዚህ ነው።

ድምፅ በ20 ዲግሪ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ ከዜሮ በታች 30 ሲሆን ወደ 313 ሜትር ይወርዳል። ዋሽንት የውጩን ብርድ ሙሉ በሙሉ ቢቀበል ድምፁ አንድ ተኩል ግማሽ ቃና ያህል ይወርድ ነበር። የሰው ጉሮሮ ግን በጎንደርም በካልጋሪም 37 ዲግሪ ነው። ቅዱስ ያሬድ ለዜማው ሌላ መሣሪያ ሳይሆን የሰውን ድምፅ መሠረት ማድረጉ በዚህ አገር የሚያስገኘው ጥቅም ይህ ነው፤ ዜማው በየሄደበት የራሱን ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

በዚሁ ሰፈር የሚገኘው ዳሽሜሽ የባህል ማዕከል የሲክ እምነት ተከታዮች ጉርድዋራ ነው። ዝማሬያቸው በሃርሞኒየምና በጣብላ ይታጀባል። እምነቱ ሌላ ነው፤ የድምፅ ሕግ ግን አንድ ስለ ሆነ ከጎረቤት የሚማሩት ነገር አለ። ሃርሞኒየም በ1842 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ደባን የተባለ ሰው በስሙ ያስመዘገበው መሣሪያ ሲሆን፣ ሕንድ ደርሶ ቤተኛ እስኪሆን ብዙም አልቆየም። ጣብላ ደግሞ በቆዳው መካከል ጥቁር ክብ ልጥፍ አለው። ማንኛውም ከበሮ ሲመታ ከዋናው ድምፅ ጋር ሌሎች ድምፆች አብረው ይነሣሉ፤ በተራ ክብ ቆዳ ላይ እነዚህ ድምፆች የዋናው 1.59፣ 2.14፣ 2.30 እጥፍ ናቸው፤ እርስ በርስ አይስማሙም። የጣብላው ልጥፍ ግን ክብደቱን ወደ መካከል በመጨመር እነዚህን ድምፆች ወደ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ያስጠጋቸዋል። ስለዚህ ጣብላ እንደ ክር መሣሪያ ቃና አለው። ሕንዳዊው ሊቅ ራማን ይህን በ1920 እ.ኤ.አ. ጽፏል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

የደብሩ ከበሮ እንዲህ ያለ ልጥፍ የለውም። አያስፈልገውምም። ከበሮ በማኅሌት ቃና እንዲሰጥ አይጠበቅበትም፤ ቃናው የሊቃውንቱ ድምፅ ነው። ከበሮው ከመዘምራኑ ጋር ቃና ቢሰጥ ኖሮ ከግእዝ ወደ ዕዝል፣ ከዕዝል ወደ አራራይ ሲዞሩ አብሯቸው መዞር ባልቻለ ነበር። ቃና የሌለው መሆኑ ለሁሉም አገልጋይ ያደርገዋል። ሊቃውንቱ ሰፊውን አፍ በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት፣ ዙሪያውን የጠፈሩትን ጠፍሮች በግርፋቱ ሰንበር ይመስሉታል። ሁለቱ አፎች ስፋታቸው ስለሚለያይ ድምፃቸውም ይለያያል፤ ሰፊው ያስገመግማል፣ ጠባቡ ይጠራል። ምቱ ከዝግታ ተነሥቶ ወደ ፍጥነት ሲሄድ በሁለቱ መካከል ያለው ምልልስ እየጠበበ ይመጣል። በማርቲንዴል ያደጉ ልጆች ከማኅሌቱ ሁሉ ይህን ክፍል የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ከበሮ በካልጋሪ ይታመማል። በኢትዮጵያ ክረምት እርጥበት ቆዳውን ስለሚያላላ፣ ከማኅሌቱ በፊት በፀሐይ ወይም በእሳት አጠገብ ይሞቅ ነበር። እዚህ ክረምት የሚባለው የበረዶው ወራት ተቃራኒውን ያደርጋል። የውጩ አየር ደረቅ ነው፤ በማሞቂያ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይደርቃል። ቆዳው ይከረራል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከልክ ሲያልፍ ይሰነጠቃል። ሺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ቀን ውስጥ የአየሩ ሙቀት እጅግ ይለወጣል፤ ከበሮውም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ድምፅ ይኖረዋል። ከሁሉ የከፋው ከበሮን በመኪና ጭነት ቦታ አሳድሮ በቀጥታ ወደ ሞቀ አዳራሽ ማስገባት ነው። በቀዘቀዘው ቆዳ ላይ ጠል ይቋጥራል፤ ከዚያ በፍጥነት ይደርቃል፤ ቆዳ እንዲህ ያለውን ነገር አይረሳም። ከበሮው ከማሞቂያው መውጫ ርቆ፣ እርጥበት በሚሰጥ መሣሪያ ባለበት ክፍል ቢያድር ዕድሜው ይረዝማል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ ከበሮ እንዲህ ላለ ትንሽ ጥንቃቄ ያንሳል ማለት አይቻልም።

በጾም ከበሮውም ጸናጽሉም ያርፋሉ፤ መቋሚያና የሰው ድምፅ ብቻ ይቀራሉ። በቤት ግን ያን ጊዜ በገና ይሰማል። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ አውታሮቹ ከበግ አንጀት ይሠራሉ፤ አባቶች ቁጥሩን በዐሥርቱ ትእዛዛት ይተረጉሙታል። በገና ሰምቶ «ይህ መሣሪያ ለምን እንደ ንብ ያነዝራል?» ብሎ ያልጠየቀ ልጅ የለም። መልሱ በብርኩማው ላይ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ ይመለሳል፤ ያ መንካት በወፍራሙ ድምፅ ላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይደርባል። የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ደካማ፣ ለመካከለኛውና ለቀጭኑ ንቁ ነው። እንዝራዋ ባትኖር ያ ጥልቅ ድምፅ ከተጫዋቹ ጕልበት ብዙ ሳይርቅ ይሞት ነበር። ጆሮ ቀጫጭኖቹን ሰምቶ ወፍራሙን ከእነርሱ ይገነባዋል። የሕንዱ ታንፑራ ከክሩ ሥር ቀጭን ፈትል በማስገባት ይህንኑ ያደርጋል፤ ሁለት አገር፣ አንድ ብልኀት።

በገና የዳዊት ነው፣ ክራር የዘፋኝ ነው የሚል የቆየ አነጋገር አለ። እንጨቱ አንድ ነው፤ ቆዳውም አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የሚገባበት ቤትና የሚጠራበት ጉዳይ ነው። ይህ ለክላርኔቱ ልጅና ለወላጆቹ ያለ ጥርጥር ይጠቅማል። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በገናን በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተምረው፣ ከመነኰሱ በኋላም ፒያኖን አልተዉም። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን ታተመ፤ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም ብዙ ዓመት ኖረው በ2023 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ፒያኖአቸውን የሰማ ሰው የያሬድን ዜማ ጥላ ይሰማበታል። እርሳቸው ግን ፒያኖውን ወደ ቅኔ ማኅሌት አላገቡትም። ድንበሩን አውቀው በሁለቱም ወገን ኖሩ።

ልጆች በቡሄ የሚያደርጉት ደግሞ ከሁሉ ይገርማል። ነሐሴ 13 ቀን ጅራፍ ይጮኻል፤ መምህራኑ በደብረ ታቦር በተሰማው የአብ ድምፅ ይመስሉታል። ጅራፍ ሲወረወር ጉልበቱ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ጫፍ እየተላለፈ፣ የሚሸከመው ክብደት እያነሰ፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። በመጨረሻ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፤ የሚሰማው ጩኸት ያ ማለፍ ነው። አውሮፕላን በ1947 እ.ኤ.አ. የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ ዓለም ሁሉ አደነቀ፤ የጎጃም እረኛ ግን ከዚያ አስቀድሞ በየዓመቱ ያልፈው ነበር። በማርቲንዴል መንገድ ጅራፍ ማጮኽ ጎረቤትን ስለሚያስደነግጥ በደብሩ ቅጥር ውስጥ መሆኑ ይመረጣል። ሆያ ሆዬውም በር ለበር ከሚዞር ይልቅ በአዳራሽ ውስጥ ቀርቷል። ሙልሙሉ አልቀረም፤ ከበር ወደ በር የመሮጡ ትንፋሽና የማያውቁትን ደጅ የማንኳኳቱ ድፍረት ግን ቀርቷል። አዳራሽ ውስጥ ያለ ሆያ ሆዬ ግማሹ ነው።

አዳራሽ ከተነሣ ስለ ድምፅ ማጉያ አንድ ነገር መባል አለበት። በኢትዮጵያ ክብ ቤተ ክርስቲያን የጭቃው ግድግዳ፣ የሣሩ ክዳን፣ መጋረጃውና የቆመው ሕዝብ ድምፁን በለስላሳ ይቀበሉታል፤ በላሊበላ ያለው ዐለት ደግሞ ይመልሰዋል። በካናዳ ያለ አዳራሽ በአብዛኛው ከጂፕሰም ግድግዳና ከምንጣፍ የተሠራ ነው። ምንጣፉ ቀጭኑን ድምፅ፣ ግድግዳው ወፍራሙን ይወስዳል፤ ዜማው የደረቀ ይመስላል። ማሽኑን የያዘው ወጣት ይህን ለመጠገን ኤኮውን ይጨምራል። ያን ጊዜ ዜማው ይደምቃል፣ ቃሉ ይጠፋል። ጆሮ ከ50 ሚሊ ሴኮንድ በታች ዘግይቶ የመጣን ድምፅ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለተኛ ድምፅ ይቆጥረዋል። በርቀት ሲተረጐም 17 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከፊተኛው ከዚህ በላይ ሲርቅ፣ በኋላ የቆሙ እናቶች ወንጌሉን ሁለት ጊዜ ይሰማሉ፤ አንዱንም ግን አጥርተው አይሰሙም። ኤኮው ይቀነስ፤ የኋለኛው ድምፅ ማጉያ በማሽኑ ላይ በርቀቱ ልክ ይዘግይ። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ማስተካከያ ነው።

የቀረው የመጽሐፉ ጉዳይ ነው፤ ከባዱም እርሱ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም በትምህርት ደክሞ ሳለ፣ ዛፍ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው የወጣች ትል አይቶ ወደ መምህሩ ወደ አባ ጌዴዎን ተመለሰ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬ፣ መዋሥዕት የእርሱ ናቸው። ዜማው ለብዙ ዘመን በቃል ከኖረ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጠውን ምልክት አደራጁ። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ከእነርሱም ጋር ድርስና አንብር ይቆጠራሉ።

ክላርኔት የሚነፋው ልጅ ይህን ገጽ ሲያይ በትምህርት ቤት ከሚያውቀው ኖታ ጋር ማነጻጸሩ አይቀርም። ልዩነቱን ግን ሊነግሩት ይገባል። የምዕራቡ ኖታ ዜማውን ሰምቶት ለማያውቅ ሰው ከፍታውንና ርዝመቱን ይነግረዋል። በድጓው ላይ ያሉት ትንንሽ ፊደላት ግን አብዛኞቹ ከሌላ የታወቀ ቃል የተቆረጡ ናቸው፤ «ይህን ቃል እንደዚያኛው በለው» ይላሉ። ያኛውን የማያውቅ ሰው ፊደሉን ማንበብ ይችላል፤ ዜማውን ማንሣት አይችልም። ድጓ የሚያስታውሰው የሚያውቀውን ሰው ነው። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ ምሁራን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ዜማ በሦስት ጥራዝ ከነኖታው ሲያሳትሙ እንኳ መነሻቸው መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን የሊቃውንቱ ጉሮሮ ነበር። ስለዚህ በአንድ ደብር የሚያውቁት አባቶች አልፈው ልጆቹ ሳይቀበሉ ቢቀሩ፣ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ሙሉ ሆኖ ዝም ይላል።

ብዙ ልጆች ዛሬ መዝሙር የሚያጠኑት ከስልክ ነው። ስልክ ደግ መምህር ነው፤ አይደክምም፣ ሺህ ጊዜ ይደግማል። ይሁን እንጂ አይሰማም። ልጁ ርክርኩን ቢዘልለው፣ ድፋቱን ቢያነሣው ስልኩ አይገሥጸውም። የአብነት ትምህርት ቤት ሥርዐት ከመጀመሪያው በመስማትና በመታረም የቆመ ነው። ከዜማው በፊት ገና ንባቡ ላይ ሳለ ልጁ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ ቃሉን በቃና ይለያል፤ በግእዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ያልፋል። ንባብ ያልቀና ልጅ ዜማው ቢጣፍጥም መሠረቱ አሸዋ ነው።

በዚህ ረገድ የዘመኑ መሣሪያ ባልታሰበ መንገድ ይረዳል። በበረዶው ወራት በካልጋሪና በኢትዮጵያ መካከል ዐሥር ሰዓት ልዩነት አለ፤ በበጋው ዘጠኝ ነው። በካልጋሪ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በሆነ ጊዜ በጎንደር ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ መሪጌታውም ልጁም ያለ እንቅልፍ ሊገናኙ ይችላሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ ድምፁ በመስታወት ገመድ ውስጥ በብርሃን ተሸክሞ እንኳ ቢያንስ 60 ሚሊ ሴኮንድ ይዘገያል፤ ማሽኖቹ የሚጨምሩት ሲታከል ከዚያ በላይ ነው። አብረው ለመዘመር የሚሞክሩ ሰዎች ከ30 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ሲዘገይ መጓተት ይጀምራሉ። ስለዚህ በስክሪን አብሮ ማዜም አይሆንም። ቅጸላ ግን አብሮ ማዜም አይደለም፤ መምህሩ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ መምህሩ ያርማሉ። ሁሉም በየተራው ስለ ሆነ መዘግየቱ ምንም አይጎዳውም። የአክሱምና የጎንደር ሊቃውንት ያቆዩት የማስተማሪያ ዘዴ ለዚህ ዘመን መስመር ከማንኛውም የዘመኑ ዘዴ ይልቅ ገጠመ።

ማኅሌቱ ግን በዚያ መንገድ አይመጣም። በቅኔ ማኅሌት ፊት ለፊት በሚቆሙት በቀኝና በግራ ወገኖች መካከል አራት ሜትር ቢኖር፣ ድምፅ ያን ርቀት በ12 ሚሊ ሴኮንድ ይሻገራል። ከበሮ የያዘውም የመሪውን መቋሚያ በዓይኑ ያያል። ቅዳሜ ቅዳሜ በስክሪን የሚቀጽሉት ልጆች ግንቦት 11 ቀን በቅዱስ ያሬድ በዓል ከአባቶች ጋር በሰልፉ እንዲገቡ ከታሰበ፣ የሚቆሙበት ቦታና በቁመታቸው ልክ የተቆረጠ መቋሚያ ከወዲሁ ሊዘጋጅላቸው ይገባል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።